እንደገና ጠይቂን

"ምንም አያስፈልገንም፤ እግዜር ይስጥልን" አለች ማንአለብሽ። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ምላሷን ነክሳ ብትመልሰው ደስ ባላት ነበር።

የወላጆቹን ስብሰባ የምትመራው ርዕሰ መምህርቷ ራቪት ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀችና ወደሚቀጥለው ወንበር ዞረች። የጠየቀችው ከባድ ነገር አልነበረም። ለመጪው ዓመት በሚወጣው የትምህርት ዕቅድ ውስጥ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት ትምህርት ቤቱ ራሱ እንደወደደ የሚመድበው ጊዜ አለ። "ልጆቻችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በዚህ ጊዜ ምን ብናስተምራቸው ትወዳላችሁ? ምን ይጎድላቸዋል?" ነበር ያለችው፤ በዕብራይስጥ፣ ረጋ ብላ፣ ለሁሉም እንዲገባ።

ማንአለብሽ ደግሞ የመጣችው ለዚሁ ጥያቄ ነበር። ቤርሼቫ ውስጥ ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈር የምትጦራቸውን አሮጊት ለልጃቸው አስረክባ፣ ልብሷን ቀይራ፣ በአውቶቡስ ትምህርት ቤቱ እስካለበት ሰፈር እስከ ሽኩና ዩድ አሌፍ ድረስ አንዲት ቃል ስትለማመድ ነው የመጣችው። "ስኺያ፣ ስኺያ፣ ስኺያ።" ዋና ማለት ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ወታደር ጸሎት የምታደርስ መስሎት ሙዚቃውን ሳይቀንስላት አልቀረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር የልጇ የሊያን ክፍል ልጆች በከተማው መዋኛ ገንዳ የልደት ግብዣ ነበራቸው። ማንአለብሽ ልጇን ልትወስድ ቀደም ብላ ሄደችና በአጥሩ ቀዳዳ አየች። ክፍሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ይንጫጫል። ሊያን ብቻ ጂንሷን እንደለበሰች፣ ጫማዋን እንዳሰረች፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ የሌሎቹን ፎጣ ትጠብቃለች። "ሆዴን አሞኝ ነው" አለች በኋላ። ያ የታመመ ሆድ ወደ ቤት ሲመለሱ ሁለት ፈላፈል ሲውጥ ምንም አልተቸገረም። እናት ግን ገባት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ነገሩ አንጀቷን ይበላታል።

እንግዲህ ያን ሁሉ ይዛ መጥታ፣ ስትጠየቅ "ምንም አያስፈልገንም" አለች። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ከጎንደር በአውሮፕላን ሲመጣ ቪዛ የጠየቀው የለም፤ መጥቶ አብሮ ገባ።

ቀጥሎ የተጠየቀችው ጎረቤቷ ኩኩ ነበረች። ኩኩ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ጽዳት የምትሠራ፣ በሌላ ጊዜ ለማንም የማትመለስ ሴት ናት። "እኛም እንደሷው ነን፤ በቂ ነው" አለች ጉልበቷን እያየች። ከኩኩ ቀጥሎ አባባ አየሉ ተነሡ። በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ በተደረገው የአውሮፕላን ማጓጓዝ ዘመቻ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው አሎን ከሊያን ጋር አንድ ክፍል ይማራል። በትራቸውን ተደግፈው ትምህርት ቤቱን፣ መምህራኑን፣ ወንበሩንና ጣሪያውን ሳይቀር መረቁና "ምን ጎድሎን!" ብለው ተቀመጡ። አባባ አየሉ ምንም ካልጎደላቸው ከእንግዲህ ማን ደፍሮ ይጉደለው? የቀረውም ወላጅ ተራ በተራ "ይበቃናል" እያለ አለፈ።

ራቪት ደስታዋን መደበቅ አቃታት። "እንዲህ የረኩ ወላጆች አይቼ አላውቅም! እንግዲያው በነዚህ ሰዓታት ሮቦት መሥራት እናስተምራቸዋለን። ዕቅዱን ከነገ ወዲያ ጠዋት እልከዋለሁ" አለችና ሁሉንም አመሰገነች። ማንአለብሽም ከሌሎቹ ጋር አጨበጨበች።

ከግቢው ወጥተው ሁለቱ ሴቶች ወደ ሰፈራቸው አዘገሙ። መጀመሪያ ያልቻለችው ኩኩ ነች።

"አንች፣ ስንት ቀን ዋና ዋና ስትይኝ ከርመሽ ምን ነካሽ?"

"እኔንጃ። 'ምን ይጎድላችኋል' ስትለኝ ልመና የመጣሁ መሰለኝ። አፌ በራሱ ተናገረ። አንችስ? የልጄን የቤት ሥራ የሚያግዝልኝ ይስጡኝ እላለሁ ብለሽ አልነበር?"

"ወይ ጉድ! አንች ከፊቴ 'በቃኝ' ብለሽ ስትቀመጭ፣ እኔ ሆዳሟ ተነሥቼ አምጡ ልበል?"

"ታዲያ እኔ ነኛ ሁሉንም ያስዋሸሁት!"

"አባባ አየሉን ጨምረሽ" አለች ኩኩና ሳቋ ቀደማት። "ጣሪያውን ሲመርቁ አይተሻል? ባለፈው ክረምት ሲያፈስ የከረመ ጣሪያ እኮ ነው!"

ማንአለብሽም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ኩኩ። ዕቅዱ ከተላከ አንድ ዓመት አለቀ ማለት ነው። ያ ዓመት ደግሞ ሊያን በዚህ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመቷ ነው።"

"እሷስ ብትሆን ምን የሚሉት አጠያየቅ ነው? አንዴ ጠይቃ አለፈች። እንግዳ በቃኝ ሲል እውነት መስሎት ሳህኑን የሚያነሣ ሰው አለ?"

ማንአለብሽ መንገዱ መሀል ቆመች። ከኋላዋ በብስክሌት የሚመጣ ጎረምሳ ጮኸባት፤ አልሰማችውም።

"አንዴ ብቻ ነው የጠየቀችን" አለች። "ኩኩ፣ አንዴ ብቻ እኮ ነው!"

ቤት ስትደርስ ሊያን አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ትነካካለች። እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጅ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ የዚህ ቤት ደንብ ነው። ሁለቱ ይግባባሉ፤ የሚቸገረው ሦስተኛ ሰው ነው።

"ሊያንዬ፣ ትምህርት ቤት መዋኘት ቢያስተምሯችሁ ትወጃለሽ?"

"ሎ ጻሪኽ፣ እማ።" አያስፈልግም ማለቷ ነው።

ማንአለብሽ ደነገጠች። ይህች ልጅ ቤርሼቫ ተወልዳ ቤርሼቫ ያደገች፣ ጎንደርን በፎቶ ብቻ የምታውቅ ናት። ይህን ጠባይ ማን አስተማራት? አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"በሞቴ?"

"አልፈልግም አልኩሽ።"

"እኔ ልሙት፣ ሊያን። እናትሽ አፈር ትሁን፣ እውነቱን ንገሪኝ።"

ሊያን ስልኳን ደፋችው። እናቷን ሳይሆን ግድግዳውን እያየች፣ በአማርኛ፣ "እፈልጋለሁ" አለች። ከዚያ የቀረውን በዕብራይስጥ አወረደችው። "ግን ለብቻችን ከሆነ አልሄድም። የኢትዮጵያ ልጆች ብቻ ተለይተን፣ ባለፈው ዓመት ለሂሳብ እንዳወጡን፣ ሁሉም እያየን ከሆነ አልሄድም። መላው ክፍል ከሄደ እሄዳለሁ። አለዚያ ጃንጥላው ይሻለኛል።"

ማንአለብሽ በሐሳቧ ስታዘጋጅ የሰነበተችው ልመና "ለእኛ ልጆች" ብሎ የሚጀምር ነበር። ልጇን ሳትጠይቅ ለልጇ ልትጠይቅላት! አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ግን ኩራቷ በለጠ። ይህን ያህል አርቃ የምታይ ልጅ የወለደችው እሷ ናት።

"መላው ክፍል" አለች ፀጉሯን እየዳበሰቻት። "ሰምቻለሁ።"

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ራቪት በአንድ እጇ ቁልፍ፣ በሌላው ቡና ይዛ ልጆች ስታስገባ አገኘቻት።

"ራቪት፣ ትናንት የጠየቅሽንን እንደገና ጠይቂን።"

"እንዴት? ምንም አያስፈልገንም አላችሁኝ እኮ። አንቺ ራስሽ ነሽ መጀመሪያ ያልሽው።"

"አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ጥፋቱም የኔ ነው።" ማንአለብሽ በዕብራይስጥ እንዴት ብላ እንደምትጀምረው ጨነቃት። "ሰው ቤትሽ መጥቶ ምግብ ስታቀርቢለት 'በቃኝ' ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?"

ራቪት ቡናውን ከአፏ መለሰችው። "እኔ? እኔማ እተወዋለሁ። እናቴ ግን..." አለችና ዓይኗ ፈጠጠ። "እናቴ ከሞሮኮ ነው የመጣችው። በእናቴ ቤት በቃኝ ያለ ሰው በጭልፋ ነው የሚመታው! ሁለቴ ትጨምርበታለች፤ በሦስተኛው ደግሞ ታኮርፋለች።"

"እኛም እንደዚያው ነን።"

"አምላኬ! ይኸው ተምሬ ተምሬ የእናቴን ቤት ረሳሁ!" ራቪት እንዲህ ስትስቅ ቡናው እጅጌዋ ላይ ፈሰሰ። "ትናንት እንዴት በደስታ እንደተኛሁ ብታውቂ! እሺ፣ እንደገና እጠይቃለሁ። ግን ዕቅዱ ነገ ጠዋት መሄዱ አይቀርም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወላጆቹን አዳራሽ ልትጠሪልኝ ትችያለሽ?"

"አዳራሽ አይሆንም። አዳራሽ ውስጥ ሁላችንም ጨዋ ነን። አንቺ ወደኛ ነይ። ፀሐይ ሲበርድ ከሕንጻችን ሥር ጥላው ጋ እንቀመጣለን፤ ልጆቹም እዚያው ይጫወታሉ።" ጥቂት አሰበችና ጨመረች፤ "ደግሞ አንድ ቃል ላስተምርሽ።"

ራቪት ቃሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረችው። "ትርጉሙ ምንድን ነው?"

"በሞቴ ስትዪ፣ ካልነገራችሁኝ ልሙት እንደማለት ነው።"

"ለሁለት ሰዓት ትምህርት?"

"እኛ ለአንድ ጉርሻም እንሞታለን።"

ማንአለብሽ የዚያን ዕለት ሥራዋን እንዴት እንደጨረሰች አታውቀውም። አሮጊቷ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ዋጡ፤ ሾርባቸው ግን ሁለት ጊዜ ጨው ገባበት፤ እሳቸውም ሳይናገሩ ጠጡላት። ራቪት ባትመጣስ? መጥታስ ሰው ሁሉ እንደገና "ይበቃናል" ቢልስ? ከሁሉ ይልቅ የፈራችው የራሷን አፍ ነበር።

ራቪት መጣች። አንድ ከረጢት ሙሉ የሱፍ ፍሬ ይዛ፣ እንደ ሰፈር ሴት ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች። አባባ አየሉ ከበሬታ እንዳይጎድልባት ብለው ሊነሡ ሲታገሉ ትከሻቸውን ይዛ መለሰቻቸው። ኩኩ ዜናውን ቀድማ ስለነዛችው ከትናንቱ ስብሰባ የበለጠ ሰው ነበር፤ ልጆቹም ኳሳቸውን ይዘው ቀረብ አሉ።

"ትናንት ስለ ትምህርቱ ጠይቄአችሁ ነበር" አለች ራቪት። "ዛሬም ልጠይቃችሁ መጣሁ። ልጆቹ ምን ይጎድላቸዋል?"

"ኧረ ምንም!" አሉ አባባ አየሉ። "እስከዚህ ድረስ መድከምዎ!"

ራቪት ማንአለብሽን በዓይኗ ጠቀሰቻት።

"አላምናችሁም። ምን ይጎድላቸዋል?"

ሰዎቹ ተያዩ። አንዲት ሴት "እንግዲህ..." ብላ ጀመረችና ተወችው። "ይበቃናል" አለ ሌላው፤ ድምፁ ግን እንደ ትናንቱ የጠነከረ አልነበረም። ያኔ ራቪት ከአግዳሚው ተነሥታ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ፊደሉን ሁሉ ከጉሮሮዋ እየጎተተች ተናገረች።

"በ-ሞ-ቴ!"

ጥላው ሥር ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ተናጋ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተደጋገፉ፤ አንዱን የሱፍ ፍሬው ትን አለው። አባባ አየሉ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ "አትሙችብን፣ ልጄ! ለኛ ብለሽ አትሙች! እንነግርሻለን!" አሉ።

ነገሯትም። አንዴ ከተከፈተ ማን ይዝጋው! ኩኩ ስለ ቤት ሥራው ቆማ ተናገረች፤ "ልጄ 'እማ፣ ይኼ እንዴት ነው?' ሲለኝ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ወደ ኩሽና እገባለሁ!" አለች፤ ሌሎቹም "እኔም! እኔም!" አሉ። አንዱ አባት ልጆቹ የተበላሸ ነገር መጠገን ይማሩ አለ። አባባ አየሉ ደግሞ ትናንት የመረቁትን ጣሪያ ዛሬ ረገሙት፤ እግረ መንገዳቸውንም ልጆች አውቶቡስ ውስጥ ለሽማግሌ መነሣት እንደ ትምህርት ተሰጥቷቸው ፈተና ይፈተኑ አሉ። ከልጆቹ መሀል አሎን "እኔ ግን ሮቦቱን እፈልጋለሁ!" ብሎ ጮኸ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል። ራቪት ጭንቅላቷን ይዛ ትስቃለች። "ያለኝ ሁለት ሰዓት ነው! ሁለት!"

ማንአለብሽ ተነሣች።

"ትናንት የዋሸሁት እኔ ነኝ" አለች፤ ጫጫታው ቀነሰ። "የምፈልገው አለኝ። ልጆቹ ዋና ይማሩ።" ከዚያ ስለ ገንዳው ነገረቻቸው፤ ስሟን ሳትጠራ፣ "አንዲት ልጅ" እያለች። ስለ ጂንሱና ስለ ጫማው፣ ስለሚጠበቀው ፎጣ። ልጆቹ ኳሳቸውን መምታት አቆሙ። "ደግሞ አንድ ነገር አለ። ይኼን ያለችው ያች ልጅ ናት፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። ሁሉም አብረው ይማሩ፤ መላው ክፍል። የኛ ብቻ ተለይተው ከሆነ ይቅርብን።"

ኳሱ አጠገብ የቆመችው ሊያን ፊቷ ቀላ፤ ግን አልሸሸችም።

"የኔም ልጅ አይገባም" አለች አንዲት እናት ቀስ ብላ። "ፀጉሬ ይበላሻል ትላለች። ለካ..."

"የኔም ሆዱን ያመዋል" አለ ሌላው።

አባባ አየሉ በበትራቸው መሬቱን መቱ። "እኔ በዕድሜዬ ውሃ ውስጥ የገባሁት አንዴ ነው። ተከዜን ስሻገር፣ የበቅሎ ጅራት ይዤ። በቅሎዋ ባትኖር ዛሬ እዚህ የምታዩት ሽማግሌ የለም። በበቅሎ ጅራት እስከ መቼ ነው? ልጆቹ ዋና ይማሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ተናግራለች፣ አበቃ።"

"ሮቦቱስ?" አለ አሎን ሊያለቅስ ደርሶ።

ራቪት አሰበች። የዋና ትምህርት የአውቶቡስና የልብስ መቀየሪያ ጊዜ ስላለበት ሁለቱን ሰዓት በአንድነት ይፈልጋል። "እንዲህ ይሁን" አለች። "ግማሹን ዓመት መላው ክፍል ዋና፣ ግማሹን ዓመት መላው ክፍል ሮቦት። ለቤት ሥራው ደግሞ መምህራኑ አንድ ለአንድ የሚያስጠኑበት ሰዓት ድሮም አለን፤ ጠዋት ስለሆነ የሚመጣ የለም። ከሰዓት በኋላ አደርገዋለሁ፤ ከፈለገ ማንም ልጅ ይምጣ።" ወደ አባባ አየሉ ዞረች። "የአውቶቡሱን ፈተና እርስዎ ይፈትኑልኝ።"

"እፈትናለሁ! የሚያልፍ ያለ እንዳይመስልሽ" አሉ፤ እልልታ ተሰማ። አሎን ኳሱን ሽቅብ ለጋው፤ ማንአለብሽ ከደስታዋ ብዛት ኩኩን እስኪያማት አቀፈቻት። ትናንት አንድ ቃል ያልተነፈሰ ሰው ዛሬ እርስ በርሱ እየተቋረጠ ያወራል፤ ያም ድምፅ ከሙዚቃ ይልቅ ደስ አሰኛት።

"አንድ ነገር ቀረ" አለች ራቪት ጫጫታው ጋብ ሲል። "ውሃ የሚፈሩት ልጆች እንዲደፍሩ፣ ከአሠልጣኟ ጋር ገንዳው ውስጥ የምትቆም አንዲት እናት እፈልጋለሁ። ጥልቅ አይደለም፤ እስከ ደረት ነው። ማን ትገባልኛለች?"

ሴቶቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። እዚያ ከነበሩት እናቶች አንዷም የገንዳ ውሃ ቁርጭምጭሚቷን እንኳ አስነክታ አታውቅም። ማንአለብሽም ብትሆን ባሕሩ ዳርቻ ሄዳ እንኳ ጫማዋን ያላወለቀች ሴት ናት። ቀና ስትል ግን ሊያንን አየች፤ ሊያን እሷን እያየች ነበር።

"እኔ እገባለሁ" አለች ማንአለብሽ።

"አንች!" አለች ኩኩ ክንዷን እየጎተተች። "ምን ያስቸኩልሻል? አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ በይ እንጅ!"

"እገባለሁ" አለች ማንአለብሽ ድጋሚ፤ ለልጇም በዕብራይስጥ፣ የዋና ልብስ የሚሸጥበትን ሱቅ ነገ እንድታሳያት ነገረቻት።